ደንገጎን በአሮጌ ፔጆ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ፔጆ 404 የቤተሰብ አባል ናት። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ተመረተች፤ እኛ ዘንድ ግን ታክሲ ሆና እስከ ልጅ ልጅ ዘመን ደረሰች። እኔ የምነዳት የአባቴን ነው። በዓመት ሦስት አራቴ ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ባቢሌ ይዣት እወጣለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ኮፈን ከፍተው የቆሙ ብዙ አሮጌ መኪኖች አይቻለሁ። አብዛኞቹ መቆም አልነበረባቸውም።

«55 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ብሎ መነሳት

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭር ነው ብሎ መናቅ ግን የስህተቶች ሁሉ እናት ነው። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ወደ ሐረር መንገድ ላይ ያለችው ሐሮማያ 2000 ሜትር ገደማ። አብዛኛውን ከፍታ የምትወጡት ደንገጎ ተራራ ላይ፣ ኩርባ በኩርባ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሙቀትና በከፍታ ቁጠሩት። ሰባት ሰዓት ላይ በጠራራ ፀሐይ ከድሬው ከዚራ ሰፈር የሚነሳ ሰው ዳገቱን የሚጀምረው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ተራራውም ያኔ ነው የሚያምረው።

ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ እስኪያቃስት አትጠብቁ፤ ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ። ከኋላችሁ የጫት መኪና ከመጣ ዳር ያዙና አሳልፉት። ከእሱ ጋር መሽቀዳደም አያስፈልግም።

የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ

2000 ሜትር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ሲይዝለት ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ያለው ሰው ራዲያተሩን ቢያሳጥብም ዋጋ የለውም። ርካሽ ዕቃ ነች፣ ቀይሯት።

ከፈላ አቁሙ፣ ክዳኑን አትንኩ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። የ404 ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው አይጣል ነው።

ሌላም አለ። ትኩስ ሞተር አጥፍታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ አልነሳ ሊላችሁ ይችላል። ባትሪውን አትጨርሱ። ቤንዚኑ በሙቀት የቤንዚን ፖምፓው ውስጥ ተንኖ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጉና ጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ይነሳል።

በፍሪ መውረድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ይሄ ነው።

ወጣት እያለሁ ከሐረር ከወንድሜ ጋር ስንመለስ ቤንዚን ሊያልቅብን ደረሰ። ለመቆጠብ ብዬ ከደንገጎ አናት ጀምሮ ማርሹን አውጥቼ ፍሪ አደረግኩት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። አራተኛው ላይ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ወለል ደረሰ። በግድ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ወንድሜ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ ተራራውን ተጠግተን ቆምን። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም።

በማግስቱ ድሬ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጎማውን ፈታው። የፍሬን ሸራው እንደ መስታወት አብረቅርቋል። አሳየኝና እንዲህ አለኝ፦ «አቦ! ፍሬን ሊያቆምህ ነው እንጂ ተሸክሞ ሊያወርድህ አይደለም። የሚያወርድህ የወጣህበት ማርሽ ነው።»

እስከ ዛሬ በዚህ ነው የምወርደው። በሁለተኛ ከወጣሁት በሁለተኛ እወርደዋለሁ። ፍሬን ስይዝም ጠንከር አድርጌ ይዤ እለቃለሁ፤ እግሬን ላዩ ላይ አላሳድርም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የያዘ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ያገኙትን ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ መጨመር

የ404 ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) እንደ ሌላው መኪና አይደለም። ውስጡ የሚዞረው ትልቁ ጥርስ ነሐስ ነው። ለዘመናዊ መኪና የተሠራ አንዳንድ የዲፈረንሻል ዘይት ነሐስ ይበላል። ባለጋራዡ «ሁሉም ያው ነው» ካላችሁ አመስግኑትና ሂዱ።

መኪናውን ይዞ ጀጎል ውስጥ መግባት

ሐረር ስትደርሱ ያጓጓል። ግን ግንቡ ውስጥ ያሉት መንገዶች የተሠሩት ለእግርና ለአህያ ነው። መኪና እንደ ልብ የሚሄደው ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ነው። እዚያ አቁሙና በእግራችሁ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ውረዱ። የልብስ ሰፊዎቹ የሲንጀር ስፌት መኪኖች ድምፅ ለመንገዱ ስም ሰጥቶታል፤ መስኮት ዘግቶ የሚያልፍ ሰው አይሰማውም።

ባቢሌን በችኮላ ማየት

ከሐረር ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባቢሌ አለፍ ስትሉ የዳካታ ሸለቆ ይጀምራል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ። ብዙ ሰው እየነዳ ፎቶ ያነሳል። አትሞክሩት። ዳሩ ሰፊ የሆነ ቦታ ፈልጉ፣ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትሰጡ በሚኒሞ አቆዩትና አጥፉ፣ ውረዱ። በክረምት ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አታቁሙ። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦም ጎርፉ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። የድሬ ሰው ይሄን ከተማዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ ያውቀዋል።

መለዋወጫ ፑንቲና (የሞተሩን እሳት የሚያቋርጥና የሚያገናኝ ዕቃ)፣ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) እና ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳትይዙ እዚህ ድረስ አትምጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅም ወደ ባቢሌ ተመለሱ። ማታ አስፋልት ላይ የቆመ ግመል በድሮ መብራት የሚታያችሁ አጠገቡ ስትደርሱ ነው።