በስፓኒሽ «ሁለት ቤት» አይባልም

በአማርኛ «ሁለት ቤት» ያስኬዳል፤ ብዛቱን ቁጥሩ ነግሮናልና። ስፓኒሽ ግን «ዶስ ካሳ»ን አይቀበልም፤ «ዶስ ካሳስ» ነው። ስለዚህ ብዙ ቁጥርን ለብቻው ሳይሆን ከቁጥር ጋር አጥኑት። ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ ስትጠብቁ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ቁጠሩ፦ ኡን ካሚዮን፣ ዶስ ካሚዮኔስ፣ ትሬስ ካሚዮኔስ። በተነባቢ ያለቀ ቃል «ኤስ» ይጨምራል፤ በአናባቢ ያለቀ አብዛኛውን ጊዜ «ስ» ብቻ። ካሚዮን ሲበዛ «ኦ» ላይ ያለችው ጭረት ትጠፋለች።

ብዙ ሰው የሚስተው እርሳስን ነው፦ ላፒስ፣ ላፒሴስ። ሲጻፍ የመጨረሻዋ «ዜታ» (z) በ«ሴ» (c) ትተካለች። ቅጽሉም አብሮ ይበዛል፦ ዶስ ካሳስ ብላንካስ፣ ሁለት ነጭ ቤት።

«ሉኔስ» (ሰኞ) ላይ ግን ምንም አትጨምሩ። በ«ስ» አልቆ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ጎላ ብሎ ካልተነገረ ቃሉ አይለወጥም፦ ዶስ ሉኔስ። ወር ግን አንድ ክፍለ ቃል ስለሆነ ሜስ፣ ሜሴስ ይላል።