የትርፍ ህዳጉ ለምን ወደቀ? ለምንስ ዘለለ? የአሥር ዓመት አሃዝ ለሚመረምር

ሳሙና፣ ዳይፐር ወይም የታሸገ ምግብ የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ ኦፕሬቲንግ ማርጅኑ፣ ማለትም ከመቶ ብር ሽያጭ ወለድና ግብር ሳይነካው የሚተርፈው፣ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። በአንድ ዓመት አምስትና አሥር ነጥብ ካነሣ ወይም ከጣለ፣ ከገበያው በፊት ሒሳቡን ጠርጥሩ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምልክት፦ አንድ ዓመት ብቻ ገደል ገብቶ በቀጣዩ ተመለሰ

የአሜሪካው የሳሙናና የዳይፐር አምራች የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ማርጅን በ2018 20.0 በመቶ፣ በ2019 8.1፣ በ2020 22.1 ነበር። መንስኤው የምላጭ ብራንዱ ጂሌት በሒሳብ መዝገብ ላይ የነበረው ዋጋ መቀነሱ ነው። ኩባንያው ጂሌትን በ2005 ሲገዛ የመዘገበው ጉድዊል (ከተጣራ ንብረቱ ዋጋ በላይ የከፈለው) እና የብራንድ ዋጋ ከእውነተኛው በልጦ ስለተገኘ፣ በ2019 8.3 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገብ ተሰረዘ። በዚያ ዓመት ከካዝና የወጣ ገንዘብ ግን የለም።

መፍትሄ፦ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ክፈቱ። ኦፕሬቲንግ ትርፉ 5.5 ቢሊዮን ነው፤ ኢምፔርመንቱ፣ ማለትም ስረዛው፣ በራሱ መስመር ተቀምጧል። ደምሩት፣ 13.8 ይሆናል። ለሽያጩ፣ ለ67.7 ቢሊዮን፣ አካፍሉ፦ 20.4 በመቶ። ሥራው አልወደቀም ማለት ነው። ሁለቱንም መስመር ጎን ለጎን አስቀምጡ እንጂ ስረዛውን ፈጽማችሁ አትርሱት፤ በ2005 ለጂሌት የተከፈለው ዋጋ ኋላ ላይ ያስከተለው ሒሳብ ነውና። በበጀት ዓመት 2024 ደግሞ ለዚያው ብራንድ ሌላ 1.3 ቢሊዮን ተሰርዟል።

«የአንድ ጊዜ ወጪ» የሚባለውንም ሁሉ መልሳችሁ አትደምሩ። የመልሶ ማደራጀት ወጪ ከአሥር ዓመት በአምስቱ ከታየ መደበኛ ወጪ ነው። ይኸው ኩባንያ ራሱ በየዓመቱ ከ250 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነውን እንደ መደበኛ ይቆጥረዋል።

ተገላቢጦሹም አለ። ዩኒሊቨር በ2018 24.6 በመቶ ደረሰ፤ ግን የማርጋሪን ሥራውን ሸጦ ያገኘው 4.3 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ትርፍ ውስጡ አለ። ሲቀነስ ወደ 16 ይወርዳል።

ምልክት፦ የአንዱ ዓመት አሃዝ በሁለት ሪፖርት ይለያያል

የሒሳብ ደንብ ተለውጧል። የፕሮክተር የ2018 ትርፍ መጀመሪያ 13.7 ቢሊዮን ነበር፤ ከጡረታ ወጪ አመዳደብ ለውጥ በኋላ 13.4 ሆነ። ሁልጊዜ በአዲሱ ሪፖርት ላይ ያለውን የማነጻጸሪያ አምድ ውሰዱ።

ምልክት፦ በብር የተገኘው ትርፍ ያው ነው፣ ማርጅኑ ግን ወረደ

ካርቶኑ በ100 ብር ተሽጦ 60 ለጥሬ ዕቃ፣ 25 ለሌላ ወጪ ቢሄድ 15 ይተርፋል። ጥሬ ዕቃው 20 ብር ጨምሮ ኩባንያው ዋጋውን 120 ቢያደርግ፣ ትርፉ አሁንም 15 ነው፤ ማርጅኑ ግን 12.5 በመቶ። አካፋዩ ስላደገ ነው። ትርፉን በካርቶን ወይም በቶን አስሉት።

ምልክት፦ ማርጅኑ ያምራል፣ የሚሸጠው መጠን ግን አያድግም

ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ሲታይ ጤና ይመስላልና። የታሸገ ምግብ አምራቹ ክራፍት ሄንዝ ከ2015ቱ ውህደት በኋላ ወጪ በመቁረጥ ማርጅኑ የተደነቀለት ኩባንያ ነበር። በየካቲት 2019 ግን የ15.4 ቢሊዮን ዶላር ስረዛ አስታወቀ፤ በየሩብ ዓመቱ ለአንድ አክሲዮን የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻም ከ62.5 ሳንቲም ወደ 40 ቀነሰ። የሽያጩን ዕድገት በመጠን፣ በዋጋና በምንዛሪ ለያዩ፤ ማስታወቂያ ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ በየዓመቱ ጻፉ። ዋጋ እየወጣ መጠንና ማስታወቂያ አብረው ከወረዱ፣ ኩባንያው ብራንዱን እየበላ ነው።

ምልክት፦ ከምንዛሪ ለውጥ ማግስት ማርጅኑ አበጠ

ጥሬ ዕቃ ለሚያስመጣ የአገራችን ፋብሪካ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያለው ጊዜ እንዲህ ሊያሳስት ይችላል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በድሮው ምንዛሪ የገባ ክምችት በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ያብጣል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ይሟሽሻል። ክምችቱ የስንት ቀን ሽያጭ እንደሚሸፍን አስሉ፣ ወጪውንም በመተኪያ ዋጋ ተክታችሁ ማርጅኑን እንደገና ሥሩ። ለውጭ አቅራቢ በሚከፈል ዕዳ ላይ የደረሰው የምንዛሪ ኪሳራ ከኦፕሬቲንግ ትርፍ መስመር በላይ ይሁን በታች መመዝገቡን በማብራሪያው ገጽ ፈልጉ፤ ሁለት ፋብሪካ ስታወዳድሩ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች አስቀምጦት ሊሆን ይችላል።