ደመወዝ ሳይለቁ፣ ከሐዋሳ ሳይወጡ አስፈሪ ልቦለድ መጻፍ

አስፈሪ ልቦለድ ለመጻፍ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደመወዝ ነው። ብራም ስቶከር በለንደኑ ላይሲየም ቲያትር ከ1878 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ለ27 ዓመት ሥራ አስኪያጅ ነበር። የድራኩላን ማስታወሻ መያዝ የጀመረው በ1890፣ መጽሐፉን ያወጣው በ1897 ነው፤ ሰባት ዓመት በትርፍ ሰዓት ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር ሳህን አጥባለች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ ለይታለች፤ የምትጽፈው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እየተነሳች ነበር። ደራሲው ሬይ ብራድበሪ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች አላስጽፍ ቢሉት፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ገብቶ ጽሕፈት መኪና ለግማሽ ሰዓት በ10 ሳንቲም ይከራይ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠሩም ሆናችሁ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ከእነዚህ ሰዎች የተለየ ችግር የለባችሁም።

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 300 ቃል ያዙ። በሳምንት 1,200 ይሆናል፤ 2,000 ቃል ያለው አጭር ልቦለድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ረቂቁ ያልቃል። የወሩን ቀሪ ለማሳረፍና ለማረም ተዉት። እንዲህ 12 ወር የዘለቀ ሰው 24,000 ቃል ይኖረዋል፤ ያ ትንሽ መድብል ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው የሚሳሳተው «ስመቸኝ እጽፋለሁ» ሲል ነው። ሰዓቱን ከፈረቃው ጋር አዙሩት እንጂ ቀኖቹን አትቀንሱ። በረጅም ልቦለድ አትጀምሩ፤ ፍርሃትን 300 ገጽ ሙሉ አጥብቆ መያዝ ልምድ ይጠይቃል፣ አጭሩ ላይ ግን ስህተታችሁን በወር አንዴ ታዩታላችሁ።

ጉዳዩን ከከተማው ማውጣት

አንድ ታሪክ ውስጥ የማይሆን ነገር አንድ ብቻ ይግባ። ሌላው ሁሉ የባጃጅ ሹፌር አንብቦ «እውነት ነው» የሚለው ይሁን። ለዚህ ሐዋሳ ታድላለች። ሐይቁን ተመልከቱት፤ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እንደ ሻላና እንደ አብያታ ግን ጨዋማ አልሆነም። ታዲያ ውኃው በየት ነው የሚሄደው? የጂኦሎጂ ሰው በመሬት ውስጥ ስለሚሰርግ ውኃ ይነግራችኋል፤ እናንተ ግን ከጥያቄው ላይ መነሳት ትችላላችሁ። ጉማሬም ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ ጠብቀው ከሰው ጎን ይቆማሉ፤ አንድ ጠዋት ሁሉም ለዓሣው ጀርባቸውን ሰጥተው አንድን ሰው ብቻ ቢያዩ ታሪኩ ተጀምሯል ማለት ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ከፊልም ተበድሮ ሲጽፍ ነው። ጉም የለበሰ ግንብ፣ ሙሉ ጨረቃ፣ የሚያላዝን ተኩላ ይመጣል። እኛ ዘንድ ተኩላ የሚመስለው ቀይ ቀበሮ ሲሆን ዋና ምግቡ የዐይጥ ዘር ነው፤ እሱን የሚፈራ አንባቢ አይገኝም። ጅብ፣ ዛር፣ ሰላቢ፣ ማታ ስም ሲጠራ ቶሎ አቤት አይባልም የሚለው የልጅነት ማስጠንቀቂያ ግን ሳይገለጽ ይሠራል፤ አንባቢው ግማሹን ከቤቱ ይዞ መጥቷል።

ቡዳን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በዚህ ስም ተገልለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ባለ እጁን በስተመጨረሻ «ለካ እውነትም ቡዳ ነበር» የሚል ታሪክ ክፉ ብቻ ሳይሆን ድርሰቱም ደካማ ነው፤ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ የጠበቀውን ነው የሰጣችሁት። ፍርሃቱን ከሚያሙት ሰዎች በኩል ሞክሩት።

አማርኛው የሚሰጣችሁ መሣሪያ

ብቻውን የሚኖር ወንድ ሌሊት በሩ ይንኳኳል፤ ከውጭ ያለው ድምፅ «ክፈቺ» ይላል። በአንድ ፊደል ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አስገባችሁ። አንባቢው ከባለ ታሪኩ ቀድሞ ዞሮ ያያል። እናት ከለቅሶ ተመልሳ ልጇን «እርስዎ ማነዎት?» ሳይሆን፣ በጣም ተረጋግታ «እራት በልተዋል?» ብትለው ደግሞ የባሰ ነው። ጾታና አክብሮት ግሥ ላይ የተጣበቀበት ቋንቋ ስላለን ደም ማፍሰስ አያስፈልገንም።

ግሣችን መጨረሻ ላይ መሆኑም እንዲሁ። «ከአልጋው ሥር የወንድሟ እጅ ቀስ ብሎ ቁርጭምጭሚቷን…» ካላችሁ በኋላ «ነካት»፣ «ያዛት» ወይም «አከከላት» የሚለው ነው ታሪኩን የሚወስነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ቁልፍ የሆነውን ዓረፍተ ነገር ከአንቀጹ መጨረሻ አኑሩት፤ ከኋላው ማብራሪያ ከጨመራችሁ ፈሰሰ።

ለ2,000 ቃል የሚሆን ልክ፦ የመጀመሪያው ያልተለመደ ነገር ከ150ኛው ቃል በፊት ይታይ፣ ሁለተኛው እስከ 700 ይምጣ፣ ባለ ታሪኩ መመለስ የማይችልበት ቦታ 1,300 አካባቢ ይሁን። በመጨረሻው 200 ቃል ምንም አታስረዱ። «ሕልም ነበር» ብሎ መጨረስ የአንባቢን ሰዓት መስረቅ ነው። ደብተራው መጥቶ ነገሩን ከሥሩ የሚተነትንበት መጨረሻም ያው ነው፣ ረዘም ያለ ብቻ።

ረቂቁን አሥር ቀን አትንኩት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ቅዱት፤ ምላስ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጥ። «በድንገት»፣ «አስፈሪ» እና «ዘግናኝ» የሚሉትን ፈልጋችሁ ከእያንዳንዱ ቢበዛ አንድ አስቀሩ። ለሦስት ሰው ስጡ፤ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ይላል። «የት ላይ ስልካችሁን አነሳችሁ?» በሉ።

ፋይሉን በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ፊደሉ ሳይለወጥ በሚነበብበት አሠራር ጻፉ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይፈርሳል፤ ቴሌግራም ላይም አይነበብም። «ሐይቅ» ወይስ «ሀይቅ»፣ «ሠራ» ወይስ «ሰራ» የሚለውን በአንድ ወረቀት ወስናችሁ ያዙ፤ አለበለዚያ ፍለጋው ግማሹን አያገኝላችሁም፣ አራሚውም ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል።

ገንዘቡና ውሉ

ቴሌግራም ላይ በነጻ መለጠፍ አንባቢ ያመጣል፤ ሁሉንም ከለጠፋችሁ ግን የሚሸጥ አይቀርም። ከ12ቱ ሦስቱን ልቀቁ። ለሕትመት፣ 24,000 ቃል በኤ5 ገጽ 200 ቃል ገደማ ቢይዝ 120 ገጽ ነው፤ ወረቀት በብዛት የሚታጠፈው በ16 ገጽ ስለሆነ ከርዕስ ገጾቹ ጋር 128 ላይ ዝጉት። 130 ቢሆን ለሁለት ገጽ ሌላ እጥፋት ትከፍላላችሁ። ዋጋ ስትተምኑ ወጪውን በታተመው ቅጂ አታካፍሉ። 1,000 ካሳተማችሁ ሁሉም ይሸጣል አትበሉና በ600 አካፍሉ፣ የአከፋፋዩን ድርሻም ከመጀመሪያው ቀንሱ። በአደራ የተሰጠ መጽሐፍ ደረሰኝ ካልተያዘለት የጠፋ ነው።

በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው እንደተጻፈ መብቱ የእናንተ ነው፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ካፌ ተቀምጣችሁ የተረካችሁትን ሌላ ሰው በራሱ ቃል ቢጽፈው አቤት ማለት አትችሉም። ውል ላይ የወረቀት፣ የትረካ፣ የፊልምና የትርጉም መብት ለየብቻ ይጻፍ። አሜሪካዊው የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ ስቴፈን ኪንግ ለመጀመሪያ ልቦለዱ ቅድሚያ የተከፈለው 2,500 ዶላር ነበር፤ በርካሽ እትም የማውጣት መብቱ ለብቻ ሲሸጥ 400,000 ዶላር አወጣ፣ ግማሹ ለአሳታሚው ነበር። እኛ አገር ይህን ያህል ሊያድግ የሚችለው ትረካ ነው፤ አስፈሪ ታሪክ መብራት አጥፍቶ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። «ሙሉ መብቱን አስተላልፌአለሁ» የሚል መስመር ካያችሁ አትፈርሙ፤ የትረካውን መብት ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ብቻ ስጡ።

በእንግሊዝኛ መሞከር ለሚፈልግ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦሜናና የተባለው የአፍሪካ ምናባዊ ልቦለድ መጽሔት አንዱ ምሳሌ ነው። ለሳይንስና ለምናባዊ ልቦለድ የሚሰጠው የኔቡላ ሽልማት ልክ ከ7,500 ቃል በታች ያለውን አጭር ልቦለድ፣ ከ40,000 ጀምሮ ያለውን ልቦለድ ይለዋል። የእኛ «አልመጣችለትም» አንድ ቃል ሆኖ በእንግሊዝኛ አምስት ገደማ ስለሚሆን ስትተረጉሙ ቁጥሩ ይነፋል፤ በአማርኛ 5,500 የነበረው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። አንድን ታሪክ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት ከመላካችሁ በፊት መመሪያቸውን አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም። ለማሳተም እናንተን ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ደብዳቤውን ዝጉትና ለሚቀጥለው ላኩ።