የሞተር እሽቅድምድምን ሙያ ለማድረግ ከየት ይጀመራል?

እ.ኤ.አ. በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ አፍሪካዊው ተወዳዳሪ ብራድ ባይንደር ጣሊያን ሙጄሎ ትራክ ላይ በሞተር ብስክሌት በሰዓት 366 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ያየ ሰው አፉን ይዞ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር ግን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጋዝ መስጠት ያን ያህል አይከብድም። ጉዱ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ሙያዬ ብላችሁ ልትይዙት ካሰባችሁ ከዚህ ተነሱ።

በትንሽ ሞተር ጀምሩ

ትልቅ ሞተር ስህተትን በጉልበቱ ይሸፍናል፤ ትንሹ ያጋልጣል። አብዛኞቹ ሻምፒዮኖች በልጅነታቸው የጀመሩት በሚኒ ሞተር ነው። ዕድሜ ካለፈም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። አውስትራሊያዊው ትሮይ ቤይሊስ ወደ እሽቅድምድም በቁም ነገር የገባው ሃያን ካለፈ በኋላ ነው፤ ለገበያ ከሚቀርቡ ሞተሮች ተሻሽለው በተሠሩ ሞተሮች በሚደረገው ውድድር፣ በሱፐርባይክ፣ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ከተቻለ አፈር ላይ ተለማመዱ። አፈር ላይ ጎማ ሲንሸራተት ሰውነት አለመደንገጥን ይማራል። ጣሊያናዊው የእሽቅድምድም ኮከብ ቫለንቲኖ ሮሲ ባደገባት ታቩሊያ ውስጥ የአፈር ትራክ ሠርቶ ወጣቶችን የሚያሠለጥነው በምክንያት ነው፤ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፍራንቼስኮ ባኛያ የወጣው ከዚያ ነው።

ከሞተሩ በፊት ልብሱን ግዙ

ሄልሜት፣ ወጥ የቆዳ ልብስ፣ የጀርባ መከላከያ፣ ጓንት፣ ቦት። ከሁሉ በላይ በሆነው የዓለም ውድድር፣ በሞቶ ጂፒ፣ ኤርባግ (ሲወደቅ የሚነፋ የአየር ከረጢት) ያለው ልብስ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ያገለገለ ሄልሜት ግን በፍጹም አትግዙ። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ግን አልቆለታል።

አንዷን ኩርባ በደንብ ተማሩ

ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ኩርባው ሲቃረብ ከተጎነበሳችሁበት ቀና ትላላችሁ፤ ነፋሱ ደረታችሁን ይገፋዋል። የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት መጀመሪያ በስሱ ያዙት። ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ሲመጣ ይሰማችኋል። ያኔ ጠበቅ አድርጉት። የኋላው ጎማ ይቀላል፣ አንዳንዴም ከመሬት ይነሳል። ከዚያ ሞተሩን እያጋደላችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ፍሬኑን ቀስ በቀስ ልቀቁት። አስፋልቱን የሚነካው የጎማው ክፍል ከመዳፍ አይበልጥም። ሙሉ ፍሬንና ሙሉ ማጋደል አንድ ላይ ከጠየቃችሁት ይከዳችኋል።

መጀመሪያ ሲሰሙት ግር የሚል ሌላ ነገርም አለ። በፍጥነት ላይ ሆኖ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚገፋው የመሪው የቀኝ እጀታ ነው፣ ያውም ወደ ፊት። ዓይናችሁ ደግሞ የኩርባው መውጫ ላይ ይሁን።

ሰውነትና ፈቃድ

ሩጫና ብስክሌት ትንፋሽ ይሰጣሉ። ተወዳዳሪን የሚፈትነው ግን ክንዱ ነው። ደጋግሞ ፍሬን ሲያዝ የክንድ ጡንቻ ያብጥና ጣት ይደነዝዛል። በዚህ ምክንያት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ታዋቂ ተወዳዳሪዎች ብዙ ናቸው።

የውድድር ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ ፌዴሬሽን ነው። የጤና ምርመራ አለው። ባንዲራዎቹንም ማወቅ ያስፈልጋል፦ ቢጫ ሲውለበለብ መቅደም የለም፣ ቀይ ሲሆን ውድድሩ ቆሟል፣ ጥቁሩ ከቁጥራችሁ ጋር ከወጣ ደግሞ ከትራኩ ውጡ ማለት ነው።

መሰላሉና ገንዘቡ

ከክለብ ወደ አገር አቀፍ ሻምፒዮና፣ ከዚያ እንደ ሬድ ቡል ሩኪስ ካፕ ወዳሉ የወጣቶች ውድድሮች ይኬዳል። ሩኪስ ካፕ ከ2007 ጀምሮ አለ፤ ሁሉም የሚወዳደሩት አዘጋጁ በሚያቀርበው ተመሳሳይ የኬቲኤም ሞተር ነው። ቀጥሎ የዓለም ሻምፒዮናው ሦስት ደረጃዎች ይመጣሉ፦ 250 ሲሲ ሞቶ 3፣ 765 ሲሲ ሞቶ 2፣ በመጨረሻ ሞቶ ጂፒ። ለዓለም ሻምፒዮናው ከ2023 ወዲህ ዝቅተኛው ዕድሜ በመርህ ደረጃ 18 ነው።

ታች ባሉት ደረጃዎች ደመወዝ አትጠብቁ። ጎማው፣ ሜካኒኩ፣ ጉዞው፣ የተሰበረው ዕቃ ሁሉ ከኪስ ነው። ብዙ ጊዜ ቡድን የሚገኘው ስፖንሰር ይዞ ለመጣ ሰው ነው። ያናድዳል፣ ግን አሠራሩ ይኸው ነው። ስፖንሰር ስትለምኑ ስለ ህልማችሁ ብዙ አታውሩ፤ አርማው የት እንደሚለጠፍና ማን እንደሚያየው ንገሩት።

መናገር ልመዱ

ሥልጠና ላይ ማንም አጥብቆ የማይነግራችሁ ነገር ነው። ከትራክ ወጥታችሁ ኢንጂነሩን «ሞተሩ አይመችም» ብትሉት ምንም አይሠራበትም። «ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ፍሬኑን ስለቅ የፊት ጎማው ይቀለኛል» ካላችሁት የትኛውን እንደሚነካ ያውቃል። ከየልምምዱ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ ደብተር ላይ ጻፉት።

መውደቅም ይለመዳል

ሞተሩን ልቀቁት። እጅና እግር ሰብስቡ። ሙሉ በሙሉ መቆማችሁን ሳታረጋግጡ አትነሱ፤ ቆምኩ ብሎ እየተንሸራተተ የተነሳ ሰው ይገለበጣል።

ከጉዳት በኋላም አትቸኩሉ። ስፔናዊው የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን ማርክ ማርኬዝ በ2020 ስፔን ሄሬዝ ላይ የቀኝ ክንዱን ሰበረ። ቀዶ ጥገና አድርጎ በዚያው ሳምንት ሞተር ላይ ወጣ። ያ ክንድ በድምሩ አራት ጊዜ ቢላ ነካው፤ ሻምፒዮንነቱን መልሶ ያገኘውም በ2025 ነው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ካላችሁ፣ ስድስት ሳምንት ነው።