ታሪኩ ሙሉ እንዲጻፍ፦ የነገደ ወይጦ ታማሚን ወደ አእምሮ ሕክምና ለሚወስድ አስታማሚ

ነገደ ወይጦ በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖር፣ ከጥንት ጀምሮ የተገለለ ማኅበረሰብ ነው። በባሕር ዳር የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ «ነገደ ወይጦ ስለሆንህ አትታከምም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። መድልዎው የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ጥያቄው ያጥራል። ለሌላው ታማሚ ረጋ ተብሎ የሚቀርበው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮና ስለ ሐዘን የሚያነሣ ጥያቄ ለነገደ ወይጦው ይዘለልና መድኃኒት ብቻ ይታዘዝለታል። ስለዚህ የአስታማሚው ዋና ሥራ የታማሚው ታሪክ ሙሉ በሙሉ እንዲጠየቅና በካርዱ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው።

ከቤት ሳትወጡ አንድ ገጽ ጻፉ። ሕመሙ የጀመረበትን ወር፣ ከዚያ በፊት የደረሰውን ነገር (ሐዘን፣ ከሐይቁ ዳር መነሣት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ)፣ እንቅልፉንና ምግቡን፣ ጫት ወይም አረቄ የሚወስድ መሆኑን፣ ዱዓም ይሁን ጸበል የተሞከረውን ሁሉ አስፍሩ። የተረፉትን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ያዙ፤ «ነጯ ክኒን» ብትሉት ሐኪሙ ምንም አይረዳም። የጤና መድን መታወቂያውንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈውን ሪፈር አትርሱ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

ምርመራው ሲጀመር ከሁሉ በላይ ጆሮ ልትሰጡት የሚገባ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሬው የሄድሁ አንድ የሰፈሬ ሰው «ሰዎች ይሸሹኛል፤ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለይተው ያስቀምጡታል» ሲል፣ መርማሪው ቀና ሳይል «ጥርጣሬ» ብሎ ጻፈ። ብርጭቆው ግን በእውነት ይለያል። የነገደ ወይጦዎች አያቶች ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ነበር በሚል የዛሬዎቹን ሙስሊም ልጅ ልጆች ጭምር ከማዕድ የሚያገል ልማድ በከተማችን ገና አልሞተም፤ ይህን የማያውቅ፣ ወይም ማወቅ የማይፈልግ፣ ባለሙያ የሰውየውን የዕለት ኑሮ እንደ ሕመም ምልክት ይቆጥረዋል። የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፦ ታማሚው በእርግጥ የሌለ ድምፅ እየሰማ «የእነሱ እምነት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንግዲህ ሁለቱን ለይቶ መናገር የእናንተ ድርሻ ነው። በትሕትና «ዶክተር፣ የብርጭቆው ነገር እውነት ነው፣ እኔም አይቻለሁ፤ ሌሊት ግን ከሌለ ሰው ጋር ሲነጋገር ሦስት ሳምንት ሆነው» በሉ፤ ከዚያም መጻፉን ጠይቁ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በአሜሪካ ጥቁር ታማሚዎች ከነጮቹ ይልቅ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለባቸው እየተባሉ የመመዝገባቸው ነገር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲጠና የኖረ ሲሆን፣ የአገሪቱ የሳይካትሪ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በሙያው ውስጥ ለነበረው ዘረኝነት በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ልቡ ቅን የሆነ ሐኪምም እዚሁ ቦታ ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ እርማታችሁን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ መረጃ አቅርቡት።

ነገደ ወይጦዎች የጥንት ቋንቋቸውን ካጡ ቆይተው አማርኛ ስለሚናገሩ አስተርጓሚ አያሻቸውም። ከመተከል ለሚመጣ የጉሙዝ ታማሚ ግን ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አባት ራሱን ለማጥፋት ማሰቡን በልጁ አፍ አይናገርም።

መድኃኒት ሲታዘዝ ስሙን፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ጊዜ አስጽፉ። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው አንገቱ ቢገተር፣ ምላሱ ቢተሳሰር ወይም እጁ ቢንቀጠቀጥ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነና መፍትሔም ስላለው ቶሎ ይዛችሁት ተመለሱ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። መርፌና ክኒን ብቻ ከተሰጠ ደግሞ የምክር አገልግሎት መኖሩን ጠይቁ።

ስድብ ወይም መገፋት ቢያጋጥም እዚያው አትጣሉ፤ ታማሚው ይረበሻል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ። መጀመሪያ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ፤ ካልሆነ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂውን ያዙ። መልስ ከጠፋ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የእንባ ጠባቂ ተቋምም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። በማመልከቻው ላይ ሰው ሁሉ ያለ ዘርና ብሔር ልዩነት በሕግ ፊት እኩል መሆኑን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ጥቀሱ።

ከግቢው ሳትወጡ የቀጠሮ ካርዱን በስልክ ፎቶ አንሡት። ደንገል ሊያጭድ ውኃ ውስጥ ገብቶ ካርዱን ከነኪሱ ያራሰ ሰው አውቃለሁ፤ ቁጥሩን የሚያስታውስ ስላልተገኘ አዲስ ካርድ ወጣለትና ያ ሁሉ ለፍተን ያስጻፍነው ታሪክ እንደገና ከሀ ተጀመረ።