ቫልቩን ከማነቅ የፓምፑን ፍጥነት ቀንሱ
ብርቱካን ወይም ሎሚ በፓምፕ የምታጠጡ ከሆነ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ውሃው ሲበዛ ቫልቩን በከፊል መዝጋት የተለመደ ነው። ግን ፓምፑ ግፊቱን ለመፍጠር ኃይል አውጥቷል፤ ያ ኃይል ቫልቩ ላይ በከንቱ ይቀራል። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ካላችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። የሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በሚሽከረከር ክንፍ የሚገፋ ፓምፕ) ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ከሆነ ግን ቁጠባው ያንሳል፤ ውሃው የሚወጣበት ከፍታ አይቀንስማ!

ኢንቨርተር ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ደግሞ የውሃውን ማጣሪያ እዩት፤ ከተደፈነ እሱም ኃይል ያባክናል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ለኩ። ልዩነቱ ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከነበረው በግልጽ ከጨመረ እጠቡት። ለጠብታ መስኖ መስመሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ባር አካባቢ ግፊት ይበቃል።