ድራይቨሩ ነው ወይስ ምቱ? አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩን ለዩ

ጎልፍ ላይ ኳሱ ጫካ ሲገባ መጀመሪያ የሚከሰሰው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኳሱን ለማራቅ የምንይዘው ረጅሙ ዱላ ነው። ቀጥሎ ንፋሱ። የራሳችን እጅ ተራው አይደርሰውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በዚህ ላይ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ይወጣል፤ ሁሉም ካለፈው ይበልጥ ያርቃል ተብሎ ይለፈፍለታል።

አዲስ ድራይቨር በጭራሽ አትግዙ እያልኩ አይደለም። መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ግን ከዚያ በፊት ጥፋቱ የዱላው ነው ወይስ የመቺው የሚለውን ማጣራት ይቻላል፤ ብዙ ዕቃም አይጠይቅም። (ከታች ያለው በቀኝ ለሚመቱ የተጻፈ ነው። ግራኞች አቅጣጫውን ገልብጣችሁ አንብቡት።)

መጀመሪያ ይህን አድርጉ

ለእግር ላብ የሚነፋ ነጭ የዱቄት ስፕሬይ ፈልጉ። የድራይቨሩን ፊት (ኳሱን የሚመታውን ገጽ) ጠርጋችሁ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ከዚያ አንድ ኳስ ምቱና ፊቱን እዩት። ኳሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ዱቄቱ ተነስቶ ክብ አሻራ ይቀራል፤ የኳሱ ትናንሽ ጉድጓዶች ሳይቀሩ ታትመው ይታያሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥረጉት፣ እንደገና ንፉበት፣ ምቱ። አስር ኳስ ያህል ከሆነ በኋላ ፎቶዎቹን አንድ ላይ እዩዋቸው።

አሻራው አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች፣ አንዴ ጫፍ (ከዘንጉ የራቀው ዳር)፣ አንዴ ተረከዝ (ወደ ዘንጉ የተጠጋው ዳር) ላይ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ገንዘቡን ለአሰልጣኝ ስጡት። አንድ ቦታ ተሰብስቦ ግን ከመሃል የራቀ ከሆነ የአቋቋም፣ የቲ (ኳሱ የሚቀመጥባት ችካል) ቁመት ወይም የሻፍት (የዘንጉ) ርዝመት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ተሰብስቦ ኳሱ አሁንም የማይሆን ነገር ካደረገስ? ያኔ ድራይቨሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ሳትዘሉ አድርጉት።

ምልክት፦ ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይጠፋል

ስላይስ። ሰውን ድራይቨር ከሚያስገዙ ችግሮች ሁሉ አንደኛው ሳይሆን አይቀርም። በግዢ ብቻ ከማይፈቱትም እንዲሁ።

መንስኤ፦ ኳሱ የሚነሳበት አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በምቱ ቅጽበት የድራይቨሩ ፊት ወዴት እንደዞረ ነው። የሚታጠፈው ደግሞ ፊቱና ክለቡ (ዱላው) የሚሄድበት መስመር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ፊቱ ከመስመሩ አንጻር ወደ ቀኝ ከተከፈተ ኳሱም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር መታጠፉም ይብሳል።

ሁለተኛ መንስኤ አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኳሱ በተረከዝ በኩል፣ ማለትም ወደ ሻፍቱ ተጠግቶ ሲመታ፣ የድራይቨሩ ጭንቅላት ከምቱ የተነሳ ይዞራል። ጭንቅላቱ ሲዞር ኳሱ ከሱ ጋር እንደተጠላለፈ ማርሽ በተቃራኒው ይሽከረከራል። ውጤቱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኳስ ነው። በጫፍ በኩል ሲመታ ደግሞ ወደ ግራ። ስለዚህ ስዊንጋችሁ (አመታታችሁ) ደህና ሆኖ፣ አሻራው ተረከዝ ላይ ስላረፈ ብቻ ስላይስ ልትመቱ ትችላላችሁ። ዱቄቱ ባይኖር ይህን በምን ታውቁት ነበር?

መፍትሄ፦ አሻራው ተረከዝ ላይ ከሆነ ከኳሱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ስትመቱ ክብደታችሁ ወደ እግር ጣታችሁ እንዳያጋድል። ግሪፑንም (መያዣውንም) አንድ ኢንች ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። አሻራው መሃል ከሆነ አያያዛችሁን ተመልከቱ። ቁልቁል ስታዩ የግራ እጃችሁ ሁለት ወይም ሦስት አንጓዎች ሊታዩ ይገባል። አንድ ብቻ ከታየ ፊቱን በጊዜ መዝጋት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ቁልፏን አውጡ። ከድራይቨሩ ጋር የመጣችውን፣ ብዙ ሰው ከሳጥኗ ሳያወጣት የሚረሳትን። ሻፍቱ ከጭንቅላቱ ጋር የሚጋጠምበትን ብሎን ፍቱት። ማያያዣውን ሎፍት (ፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለበትን መጠን) ወደሚጨምረው ምልክት አዙሩና መልሳችሁ እሰሩት። ቁልፏ "ቀጭ" ስትል በቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትጫኗት። በአብዛኞቹ ድራይቨሮች ሎፍት ሲጨመር ፊቱም ትንሽ ወደ ግራ ይዘጋል። ሎፍቱ ራሱም መታጠፉን ያለዝበዋል። የሚገርመኝ፣ ስላይስ ያስቸገረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው 9 ዲግሪ ነው፤ ፕሮዎቹ (ባለሙያ ተጫዋቾቹ) እሱን ስለሚይዙ። 10.5 ወይም 12 ቢይዝ ኳሱ ይቀናለት ነበር። ድራይቨሩ የሚንቀሳቀስ ክብደት ካለው ደግሞ ወደ ተረከዙ አምጡት።

ልግዛ? አሻራው መሃል ከሆነና ድራይቨራችሁ ምንም የሚስተካከል ነገር ከሌለው፣ ክብደቱ ወደ ተረከዝ ያደላ፣ ለስላይስ መቺ ተብሎ የተሠራ ሞዴል ይረዳል። መታጠፉን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ጫካ ይገባ የነበረውን ኳስ ረጅሙ ሣር ላይ ካስቀረላችሁ ሥራውን ሠርቷል።

ምልክት፦ ርቀት ቀነሰ

እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። ላውንች ሞኒተር (የምት መለኪያ መሣሪያ) ያለበት ቦታ ሂዱና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የክለቡን ፍጥነትና የኳሱን ፍጥነት። የኳሱን ለክለቡ አካፍሉት። በድራይቨር ጣሪያው 1.5 አካባቢ ነው።

ለምሳሌ ክለባችሁ በሰዓት 95 ማይል እየሄደ ኳሱ በ128 ማይል ይወጣል እንበል። ስታካፍሉት 1.35 ገደማ ነው። በደንብ ቢመታ ኳሱ 140 ይደርስ ነበር። መሃል ላይ የጠፋው 12 ማይል ወደ ርቀት ሲለወጥ ከ20 ያርድ በላይ ነው። የትኛውም የዘንድሮ ሞዴል በራሱ ይህን አይሰጣችሁም። ኳሱን መሃል ላይ ማግኘት ግን ይሰጣል።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለ። በኤልፒጂኤ ቱር (በሴት ባለሙያዎች ውድድር) የሚጫወቱ ሴቶች አማካይ የክለብ ፍጥነት 94 ማይል አካባቢ ነው። እንዲህ የሚመታ ወንድ አማተር ሞልቷል። የእነሱ ኳስ ግን አየር ላይ ብቻ 220 ያርድ ገደማ ይጓዛል። ልዩነቱ ከሱቅ የመጣ አይደለም። መሃል ይመታሉ፤ ክለቡም ኳሱን የሚያገኘው ሽቅብ መነሳት ሲጀምር ነው።

የኳሱ ፍጥነት ለክለቡ ሲካፈል ጥሩ ሆኖ የክለቡ ፍጥነት ራሱ ከወረደስ? ጉዳዩ የሰውነት ነው። ዕድሜ፣ ጀርባ፣ ዳሌ። እዚህ ላይ ዕቃ በእርግጥ ይረዳል። በ40 ዓመት የተገዛ ስቲፍ (የማይተጣጠፍ፣ ጠንካራ) ሻፍት በ58 ሊከብድ ይችላል። ጭንቅላቱን ትታችሁ ቀለል፣ ለስለስ ያለ ሻፍት ብቻ ማስቀየር ብዙ ጊዜ ከሙሉ ድራይቨር ያነሰ ወጪ ነው። "ሬጉላር" ወይም "ስቲፍ" የሚለውን ጽሑፍ ግን አትመኑት። አምራቾች የሚስማሙበት የጋራ መለኪያ የለም፤ የአንዱ ስቲፍ የሌላው ሬጉላር ሊሆን ይችላል። መትቶ ማየት ብቻ ነው ያለው።

ቀላሉንም አትርሱ። የመለማመጃ ሜዳ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ከደህና ኳስ አጠር ይላል። ብርድ ርቀት ይበላል። ያለቀ፣ የሚያዳልጥ ግሪፕ ደግሞ ሳይታወቃችሁ ጨምድዳችሁ እንድትይዙ ያደርጋል፤ እጅ ሲጨመድድ ክለቡ አይፈጥንም። ግሪፕ ማስቀየር ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው።

ምልክት፦ ኳሱ ሰማይ ይወጣል፣ ወይም መሬት ለመሬት ይሄዳል

አሻራው የፊቱ ላይኛ ጠርዝ ላይ ከሆነ ቲው ረዝሟል ወይም ከላይ ወደ ታች እየቆረጣችሁ ነው። ታች ከሆነ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ሽክርክሪቱ ይበዛል፣ ርቀቱ ያጥራል። ድራይቨሩ መሬት ላይ ሲቀመጥ የኳሱ ግማሽ ከጭንቅላቱ በላይ እንዲታይ አድርጉ። ኳሱ ከግራ ተረከዛችሁ ትይዩ ይሁን። አሻራው መሃል ሆኖ ኳሱ አሁንም ካልተነሳ ሎፍቱ አንሷል ማለት ነው፤ በቁልፏ ጨምሩት። የማይስተካከል 9 ዲግሪ ከያዛችሁ ይህ እውነተኛ የመግዣ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ ድምፁ ተቀየረ

ስትነቀንቁት ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ተላቅቆ የቀረ ደረቅ ሙጫ ነው። ክለብ የሚጠግን ሰው ውስጡ የሚያጣብቅ ነገር ይጨምርበትና ዝም ያሰኘዋል። አያስገዛም።

ትናንት ጥርት ብሎ ይጮህ የነበረው ዛሬ የታፈነ ድምፅ ካወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ በጥፍራችሁ ዳብሱት፤ በተለይ ከላይና ከታች ከጭንቅላቱ ጋር የሚጋጠምበትን ጠርዝ። ዓይን ያላያትን ስንጥቅ ጥፍር ያገኛታል። ስንጥቅ ከተገኘ ድራይቨሩ አበቃለት። ዋስትናው ካላለፈ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አምራቹን ጠይቁ።

"ፊቱ ደክሟል፣ ማስፈንጠር ትቷል" የሚል ወሬም አለ። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ፊቱ ብዙ በመታ ቁጥር እየላላ ይሄዳል፤ ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ያስፈነጥራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሮያል ፖርትራሽ የኦፕን ሻምፒዮና ሊጀመር ሲል የጎልፈኛው የዛንደር ሻውፈሊ ድራይቨር ፍተሻ ላይ ወደቀ፤ ፊቱ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ያስፈነጥር ነበር። በ2025ቱ ፒጂኤ ሻምፒዮና ሮሪ ማክኢልሮይም ድራይቨሩ ፍተሻውን ስላላለፈ ሌላ ይዞ ተጫወተ። ድራይቨር ቀስ በቀስ አይሞትም። ይሠራል፣ ይሠራል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

ምልክት፦ የጓደኛዬን ስመታው ይሻለኛል

ሊሆን ይችላል። ሦስት ኳስ ግን ምንም አያሳይም። የሰው ዕቃ የያዘ ሰው የሚያጣው ነገር ስለሌለ ዘና ብሎ ይመታል። ወይም የጓደኛችሁ ሻፍት አጠር ያለ ይሆናል። ሱቅ ያሉት አብዛኞቹ ድራይቨሮች 45.5 ኢንች አካባቢ ናቸው፤ ብዙ ፕሮዎች ግን 45 ወይም ከዚያ ያጠረ ይመርጣሉ። የራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ዱቄቱን እንደገና ሞክሩት። አሻራው ከተሰበሰበ ምሥጢሩ ርዝመቱ ነበር።

ምልክት፦ ድራይቨሬ አርጅቷል

ስንት ዓመቱ ነው? ከ2004 ጀምሮ ደንቡ የጭንቅላቱን መጠን 460 ሲሲ ላይ ገድቦታል፤ የፊቱ ማስፈንጠርም ጣሪያ አለው። አምራቾቹ ጣሪያውን ከነኩት ቆይተዋል። መሃል ላይ ለተመታ ኳስ የዛሬ አምስት ዓመቱና የዘንድሮው ድራይቨር ልዩነት ጥቂት ያርድ ቢሆን ነው። የተሻሻለው ከመሃል የወጣው ምት ነው። የጭንቅላቱ የላይኛው ክፍል ከካርቦን ሲሠራ ከዚያ የተረፈው ክብደት ወደ ኋላና ወደ ዳር ተገፋ፤ ጭንቅላቱም ሲመታ ቶሎ አይዞርም። ፒንግና ቴይለርሜድ በ2024 "10ኬ" እያሉ ያስተዋወቁት ይህንኑ ነው።

እኔ ብሆን አምስት ዓመት ያልሞላውን፣ ካልተሰነጠቀ በቀር፣ አልነካውም። አስር የተጠጋውን ከአዲሱ ጋር አወዳድረዋለሁ። አስራ አምስት ያለፈውን፣ ጭንቅላቱ አነስ ያለውን፣ ምንም የማይስተካከለውን ግን እቀይረዋለሁ፤ በተለይ አሻራው ፊቱ ላይ ተበትኖ ልምምድ ለማድረግ ጊዜ ለሌለው ሰው።

ሱቅ ስትገቡ

የራሳችሁን ድራይቨር ይዛችሁ ሂዱ። በዚያው ቀን፣ በአንድ ዓይነት ኳስ፣ ከአዲሱ ጋር እያፈራረቃችሁ ምቱ። ሻጩ ረጅሙን ምት ያሳያችኋል። እናንተ አማካዩንና ኳሶቹ ግራና ቀኝ የተበተኑበትን ስፋት ጠይቁ። ስፋቱ ከጠበበ ርቀቱ ባይጨምር እንኳ መግዛት ያዋጣል። አማካዩ በአምስት ያርድ በልጦ ስፋቱ ያው ከሆነ አመስግናችሁ መልሱለት። ለመግዛት ከወሰናችሁ ያለፈው ዓመት ሞዴል እንዳለ ጠይቁ፤ አዲሱ በወጣ ሰሞን ዋጋው ይወርዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሻፍቱን እዩት። ስትሞክሩት የነበረው ሻፍትና ሳጥኑ ውስጥ የታሸገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም።